ሰባት ጊዜ ደህና ነኝ

ገብረኪዳን ካልሲ ማድረግ ከተወ አሥር ወር ሆኖታል። ያለፈውን የአሜሪካ፣ የኮሎምበስ ከተማ በረዶ ሁሉ ባዶ እግሩን ጫማ ውስጥ እያስገባ ነው ያሳለፈው። ሱሪው ስለሚሸፍነው ማንም አላየበትም።

የተጎዳው ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ነበር። ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ከላይ የተንሸራተተ ከባድ ካርቶን እይዛለሁ ሲል ወገቡ ቀጭ አለ። አለቃው በዓይኑ ስላየ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነው ተብሎ ተመዘገበ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም አልተከራከረም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ካልሲውን የምታደርግለት ሚስቱ የምሥራች ነበረች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች። አመመኝ አይላትም፤ አመመህ ወይ አትለውም። እግሩን ስታነሳ ፊቱን ታያለች፣ ይበቃታል። ያን ዕለት ወገቡ የባሰበት ከሆነ ምሳ ዕቃውን ራሷ መኪናው ድረስ ታደርስለታለች።

ኖቬምበር ላይ የምሥራች ከሥራ መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች በዚያው አረፈች።

አሁን ሐኪሙ ወገቡ ካልተቀደደ ግራ እግሩ እየደነዘዘ መሄዱ አይቀርም ብሏል። ወጪው የሚመጣበት አሠሪው ደግሞ ኦፕራሲዮኑ አያስፈልግም ብሎ ተቃወመ። ጉዳዩ የሚሰማው በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ መሐል ከተማ፣ ዳውንታውን ነው። ሙኒራ የምትባል፣ በያዘለት ጠበቃ ቢሮ የአማርኛ ተናጋሪዎችን ጉዳይ የምትይዝ ወጣት፣ አስጠርታው ፋይሉን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። ኤፕሪል አራት፦ ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል። ሜይ ሁለት፦ ታካሚው ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብሏል። እግዚአብሔርንም ሳይቀር ጽፈውታል!» አለችና ገጹን ገለበጠች። «ኖቬምበር ሃያ ስድስት፦ በጣም ደህና ነኝ ብሏል። ሰባት ጊዜ ሄደው ሰባት ጊዜ ደህና ነዎት።»

ገብረኪዳን የመጨረሻው ቀን ሲጠራ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«እንዴት ነህ ሲለኝ ምን ልበለው? ሰላምታ አይደለም እንዴ?»

«ሐኪም ቤት ሰላምታ የለም። ያሉት ሁሉ ይጻፋል። የአሠሪው ጠበቃ ይህን ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ሰውየው ራሱ ደህና ነኝ እያለ ምን ኦፕራሲዮን ያሻዋል ይላል።»

«እና ገና በሩን ስገባ ላገኘሁት ሁሉ ሕመሜን ልዘርግፍ?»

ሙኒራ ሳቀች። «ይኸውልዎ ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እየደወለ ሲጠይቀኝ ነው የምውለው። ፖሊስ ይዞ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ስምዎን ይስጡ፣ ከዚያ ጠበቃ እስኪመጣ ዝም። መኪና ገጨኝ፣ የገጨኝ ሰውዬ ኢንሹራንስ ደወለልኝ? ዝም፤ መጀመሪያ ለእኛ። ከሥራ አስወጥተው ፈርም አሉኝ? ሳያሳዩን አይፈርሙ። ዝም በሉ፣ ዝም በሉ ስል ይመሻል። ይናገሩ የምለው እርስዎን ብቻ ነው።»

ከመሳቢያዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ ሰጠችው።

«እስከ ማክሰኞ ያቃተዎትን ይጻፉ። እንዳይጨምሩ። እንዳይቀንሱም፤ እርስዎ ቀናሽ ነው የሚመስሉኝ።»

የመጀመሪያው ቀን ላይ «ምንም» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ቀን ደብተሩን አልከፈተውም። ዓርብ ዕለት አንዋር ደወለ። አንዋር መጋዘኑ ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረ ጎልማሳ ነው፤ የምሥራች ካረፈች ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሲመለስ፣ መኪና እየነዳ ይደውላል።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? የሚጎድል ነገር አለ?»

«ደህና ነኝ። ምንም አልጎደለኝም።»

«እርስዎማ ከፋብሪካ እንደወጣ መኪና ነዎት፤ አንድ ብሎን አይጎድልዎትም! በሉ ሰላም ይዋሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። ገብረኪዳን ወጥ ቤቱን ዞር ብሎ አየው። ድስቶቹ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ቁምሳጥን መክፈት ስለማይችል። ለስንት ወር እዚያው ተቀመጡ? ደብተሩን ሳበ። «ምንም» የሚለውን ሰርዞ ስለ ድስቶቹ ጻፈ። ከዚያ ወተቱን፤ ጋሎን ማንሳት ስላቃተው በትንሹ ነው የሚገዛው። ከዚያ ካልሲውን።

ቀጥሎ «አልጋ ላይ አልተኛም፣ ሶፋ ላይ ነው የማድረው» ብሎ ጻፈና ብዕሩን አቆመ። ከአልጋው ያስወጣው ወገቡ ነው? ቁጭ ብሎ አሰበው። ሙኒራ አይጨምሩ ብላው ስለነበር ሰረዘው።

ማክሰኞ ከጠበቃው ጋር የገቡበት ክፍል ፍርድ ቤት አይመስልም፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ስድስት ወንበር ብቻ ነው። ጉዳዩን የምትሰማው ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፤ ድምፁ ከጠረጴዛው መሐል ይሰማል። የአሠሪው ጠበቃ ሰባቱን «ደህና ነኝ» አንድ በአንድ አነበበ። ገብረኪዳን ተራው ሲደርስ ደብተሩን ከፍቶ ድስቱን፣ ወተቱን፣ ካልሲውን አነበበ። ድምፁ ከፍ አላለም።

«ግን ኖቬምበር ሃያ ስድስት በጣም ደህና ነኝ ብለዋል» አለ የአሠሪው ጠበቃ። «ያን ቀን ዋሽተው ነበር ማለት ነው?»

ይህ ደብተሩ ውስጥ የለም። ገብረኪዳን ደብተሩን ዘጋው።

«ሚስቴን በቀበርኩ በስድስተኛው ቀን ነው» አለ። «ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ አፈር እያነሳ አለበሳት። እኔ ላነሳ ብል ጎንበስ ማለት አቃተኝ። ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያሉት ጎበዝ፣ በርታ፣ እንዲህ ነው ወንድ አሉኝ። ወገቤ ነው አላልኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ በጣም ደህና ነኝ ነው የምለው።»

አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው። ሴትዮዋ ጻፈችው።

በአሥረኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ኦፕራሲዮኑ ተፈቅዷል። ሙኒራ ስልክ ላይ እልል ልትል ትንሽ ቀርቷት ነበር፤ እሱ አመሰገናትና ዘጋ። ደብዳቤውን እንደያዘ ሳሎኑ መሐል ቆመ። የሚያሳየው ሰው አልነበረም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ከሆስፒታሉ ደወሉ። ቀኑንና ሰዓቱን ነገሩት፤ ከዚያ ማን ነው ወደ ቤት የሚወስድዎት ብለው ጠየቁ። ታክሲ አይሆንም፤ የሚታወቅ ሰው ስምና ስልክ ካልተሰጠ ቀጠሮው ይሰረዛል። እስከ ዓርብ ማታ አሳውቃለሁ አላቸው። የሰጡትን ቀን ደብተሩ ላይ ጽፎ ከጎኑ ለስሙ ባዶ ቦታ ተወ። ሦስት ቀን ባዶውን አደረ።

ዓርብ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? የሚጎድል ነገር አለ?»

ገብረኪዳን ደብተሩን ወደ ራሱ አስጠጋ።

«አለ» አለው።

በዚያኛው በኩል የመኪናው ድምፅ ቀነሰ።

«ቆይ ጋሼ» አለ አንዋር፣ «ዳር ይዤ ላቁም።»