በቁሜ የተለቀሰልኝ ለቅሶ

ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፊልም ሳከራይ ኖሬአለሁ። ካሴት ሲቀር በሲዲ፣ ሲዲ ሲቀር በፍላሽ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ከፊልም ግርጌ የሚወጣው ጽሑፍ ነው፤ ዛሬ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች የማይገባቸውን ቃል ይጠይቁኛል። ሰፈሩ ቅዳሜና እሁድ ምን እንደሚያይ የምወስነው እኔ ነበርኩ። ዶክተሩም ፓስተሩም የሱቄ በር ላይ ቆመው «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ልውሰድ?» ይሉኛል። «ተወው፣ ጩኸት ብቻ ነው» ያልኩት ፊልም በሰፈራችን አይታይም። ይህን ስል አላፍርም።

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። ከደብረ ብርሃን አልፋ ባለች ትንሽ ከተማ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ደም ግፊቷ ከባድ ስለነበር ሐኪሙ «ድንጋጤ እንዳያገኛት» ብሎ ለልጇም ለእኔም ነግሮናል። አውቅ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት የፊልም ስክሪፕት ይዛ ሱቄ መጣች። ፕሮዲውሰር የላትም፣ ካሜራው የውሰት ነው፣ ተዋንያኑ ጓደኞቿ ናቸው። ታሪኩ አባታቸው ሞቶ በአንድ ድንኳን ስለተቀመጡ፣ እርስ በርስ ግን ስለማይነጋገሩ ልጆች ነው። አሥራ አንድ ቦታ አረምኩላት፤ ዘጠኙን ተቀበለች።

«ጋሼ፣ ሟቹን እርስዎ ይሁኑልኝ» አለችኝ።

«ምን እናገራለሁ?»

«ምንም። ፎቶዎ ይታያል፤ አንዴ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ይተኛሉ።»

«ካልተናገርኩ ማን ያውቀኛል?»

«ፊልሙ በሙሉ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው እኮ!»

ይህ አሳመነኝ።

ቀረጻው ሊያልቅ የለቅሶው ትዕይንት ብቻ ሲቀር፣ ለማስታወቂያ የሚሆን ምንም እንደሌላት ነገረችኝ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «የፊልሙን ስም ሳንጠቅስ ፎቶዬን ከሻማ ጋር አውጪውና ነፍስ ይማር በይበት። በሦስተኛው ቀን ፊልም መሆኑን እንናገራለን።»

«ጋሼ፣ ይሄማ ቫይራል ነው!»

«ስልኬንም አጠፋለሁ። የሞተ ሰው ስልክ አያነሳም።»

ሁላችንም ሳቅን።

ለጎረቤቶቼ አስቀድሜ ተናገርኩ። የእድራችን ዳኛ ድንኳኑን ሲያውሱን «ይሄ ነገር ይቀፈኛል» አሉ፤ «እርስዎ ፊልም አይገባዎትም» ብዬ አለፍኳቸው። እህቴንም አስቤአት ነበር። በእጇ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ስለሌለ አይደርሳትም አልኩ።

ማስታወቂያው ማክሰኞ ወጣ። ረቡዕ ድንኳኑ ግቢዬ ውስጥ ተተክሎ ቀረጻ ተጀመረ። እኔ ሳጥን ውስጥ የምገባበት ተራ እስኪደርስ ጓዳ ተቀምጫለሁ። ከድንኳኑ የአንድ ወንድ ለቅሶ ተሰማኝ፤ አንጀት የሚበላ ለቅሶ ነበር። ልጅቷ ወደ እኔ ሮጣ መጣች።

«ማን እንደላከው አላውቅም ጋሼ፤ አለቃቀሱን ቢያዩት! ካሜራውን ከሱ ላይ አላነሳንም።»

«ለእኔ እየተለቀሰ፣ ሌላ ምን ጠብቀሽ ነበር?» አልኳት።

ሰውዬው ተዋናይ አልነበረም። መገናኛ አካባቢ የሚሠራ የአገሬ ልጅ ነው። የእህቴ ልጅ ፎቶዬን በስልኩ አይቶ፣ ደጋግሞ ቢደውልልኝ ስልኬ ዝግ ስለሆነበት፣ «ሄደህ አረጋግጥልኝ» ብሎ የላከው ነው። መጣ፣ ድንኳን አየ፣ ፎቶዬን አየ፣ ተቀምጦ አለቀሰ። ወጥቶም «እውነት ነው» ብሎ ደወለ። ካሜራውን አላየውም እንዳልል አይቶታል፤ ዘንድሮ ለቅሶም በቪዲዮ ይቀረጻል። ማንንም አልጠየቀም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹ በእርግጥ ሞቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሐሙስ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለእህቴ መርዶ ነገሯት።

ረፋድ ላይ ማስታወቂያውን ስንት ሰው እንዳየው ለማወቅ ስልኬን ከፈትኩ። ወዲያው ጠራ። የእህቴ ልጅ ነው።

«ማነህ አንተ? የሞተ ሰው ስልክ ይዘህ...»

«እኔ ነኝ። አጎትህ ነኝ።»

ከጀርባው ጩኸት ይሰማኛል።

«እናትህን አቅርባት» አልኩት።

«እማዬ ወድቃለች። አትናገርም።»

ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝኩ። ግቢዋ ስገባ ለቀስተኛው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዲት ሴት እያማተበች በአጥሩ ቀዳዳ ወጣች። እህቴ በቀኝ በኩል ያለው ሰውነቷ አልታዘዝ ብሏት ተኝታለች። አየችኝና ዓይኗን ጨፈነች። «ፊልም ነው እታለም፣ ፊልም ነው» አልኩ። ለሰፈሩ ሁሉ ፊልም ስተርክ የኖርኩ ሰው፣ ለእሷ ማስረዳት አቃተኝ።

ገርጂ አምጥቼ አሥር ወር አስታመምኳት። እኔ ስገባ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ስወጣ ትከፍታለች።

ፊልሙ በነዚህ ወራት ወጣ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በአንድ አዳራሽ ለአንድ ቀን ተብሎ ተጀምሮ፣ ሰልፉ አስፋልት ድረስ ወጣ። ወጣቱ በየስልኩ «ያን የሚያለቅሰውን ሰውዬ ለማየት ብቻ ግቡ» ይባባል ጀመር። በአገሩ እንዲህ የሚያለቅስ ተዋናይ የለም ተባለ። «ጋሼ፣ ማነው ሰውዬው?» ሲሉኝ «የአገሬ ልጅ ነው» እላለሁ። ከዚህ በላይ እስከዛሬ አልተናገርኩም።

እህቴ ያረፈችው ፊልሙ ገና ሰልፍ ሳይቀርለት ነው። ያው ድንኳን እዚያው ቦታ ተተከለ። በር ላይ ወጣቶች ስልካቸውን ደግነው ቆሙ።

«ክፍል ሁለት ነው እንዴ?»

«ሟቹ ራሳቸው አሉ እኮ! ተነሱ ማለት ነው?»

ወጥቼ «እህቴ ናት» አልኳቸው።

አንዱ ሳቀ። «ጋሼ፣ ትወናዎ ይለያል» አለኝ።

ለማንኛውም ያደረግሁት ይህ ነው። በአራተኛ ክፍል ትምህርት የፊልም ጽሑፍ አርሜአለሁ። አንድ ቃል ሳልናገር የፊልም ዋና ሰው ሆኛለሁ። ቦሌ ላይ ሰልፍ አስይዣለሁ። እህቴን አሥር ወር አገላብጬ፣ ጀርባዋ ሳይቆስል ይዤአታለሁ፤ ዓይኗን ጨፍናም ቢሆን ከእጄ ጎርሳለች። የአገሬን ልጅ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ የእድሩንም ዳኛ። ለእሷ ፎቶም ሻማም አላወጣሁም፤ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሬ በአፌ ነገርኩ። «እውነት ነው?» ላለኝ ሁሉ፣ እስኪያምነኝ ድረስ በሩ ላይ ቆሜአለሁ።