የሽንኩርት ልጣጭ በፉጣ

ደሴ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ሳዑዲ፣ ሪያድ ከተማ ዑለያ ሰፈር ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ሲቀጠር ተከትዬው መጣሁና መንፉሐ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። የኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሱ ሥር ስለሆነ ሥራ አያሠራም። ቤት መዋል ሲሰለቸኝ፣ ትምህርት አቋርጠው ለመጡ ያገሬ ልጆች በስልክ የባዮሎጂ መግቢያ ማስተማር ጀመርኩ።

አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ማይካቸውን ዘግተው ያዳምጡኛል፤ አንዷ ሳህን እያጠበች፣ ሌላዋ ሕፃን እያስተኛች። ከመካከላቸው አንዲት የሐይቅ ልጅ ነበረች፣ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠች። በከተማው ሰሜን በኩል አንድ ቤት ትሠራለች። ልብስ እየተኮሰች ስለምትማር ጥያቄዋ የሚደርሰኝ ካውያውን አስቀምጣ ስትጽፍ ነው፤ ሁልጊዜ ከትምህርቱ ትንሽ ዘግይቶ።

ስለ ሴል ባስተማርኩ ቀን ግን ማይኳን ከፈተች።

«ቲቸር፣ አንቱ በዓይንዎ አይተውታል?»

«አይቻለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ።»

«እኛ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ። ቁልፉን የያዘው መምህር ተዛውሯል አሉን። እኔ እስካሁን እንዲሁ አምኜ ነው የምማረው።»

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ፉጣ ሰፈር አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ የሆነ ያገራችን ሰው እንደሚያውቅ አስታወሰ። ሰውየው አለቃውን አስፈቀደልን። «ዓርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጭር ይላል፤ ሽንኩርት ይዛችሁ ኑ» አለ። ልጅቷም አሠሪዋን፣ መዳሟን ለመነች። መዳሟ «ኢንሻአላህ» እያለች ስታቆያት ሰንብታ፣ አንድ ዓርብ የቤቱ ሹፌር እንዲያደርሳት ፈቀደች።

በድምፅ ብቻ የማውቃትን ልጅ ክሊኒኩ በር ላይ አገኘኋት። ካሰብኳት በጣም አጭር ናት። ሰላም ስትለኝ እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

ስሷን የሽንኩርት ልጣጭ መስታወቱ ላይ ዘረጋናት። ባለሙያው አዮዲን ጠብ አደረገባትና «ያላ እህቴ፣ እዪ» አላት። መጀመሪያ የታያት የራሷ ሽፋሽፍት ብቻ ነበር። ሲያስተካክልላት ይበልጥ ጎንበስ አለች።

«ቲቸር፣ አሉ እኮ» አለች በመጨረሻ።

«የሰውስ?» ስትል ደግሞ ባለሙያው በጥጥ የጉንጯን ውስጥ አስጠረጋት። የራሷን ሴል እያየች ነርስ መሆን እንደምትፈልግ የነገረችኝ ያኔ ነው፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። ሹፌሩ ውጭ ጥሩምባ ሲነፋ ደንግጣ ሮጠች።

ኮንትራቷ ሲያልቅ አሠሪዎቿ ኸላስ ብለው አሰናበቷት። ደስ ብሏት ነው የሄደችው። ሐይቅ እንደገባች ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገበች፤ ከሷ ብዙ ከሚያንሱ ልጆች ጋር መቀመጡ እንደማያሳፍራት በድምፅ መልእክት ነገረችኝ። ብዙም ሳይቆይ አባቷ ታመሙ። ከሷና ከታናሽ እህቷ አንዷ መሥራት ነበረባት። ታናሿ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች።

«ለመጨረስ የቀረበችው ትጨርስ ብዬ ነው ቲቸር» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ትምህርቱን ትታ ጅዳ ገብታ ነበር፣ አዲስ ቤት ልትሠራ። «እሷን ያስተምሩልኝ።»

አስተምራታለሁ። ታናሽየዋ ትጉ ናት፤ ሰዓት አታሳልፍም። አንድ ነገር በጀመርኩ ቁጥር ግን «ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ የቤቱ ተስፋ በሙሉ እሷ ላይ ነው። ግን «አይወጣም» ባልኩ ቁጥር ልቤ ታላቋ ጋ ሄዶ ይቀራል። አንዳንዴም ያን ዓርብ ሴሉን ባላሳያት ይሻል ነበር ይሆን እላለሁ። ይቆጨኛል።

ታላቋ ከጅዳ አልፎ አልፎ ትደውላለች።

«እንዴት ናት?»

«ጎበዝ ናት፤ ታልፋለች።»

«አልሐምዱሊላህ።»

አንዴ እንደ ድሮው ማይክሽን ዘግተሽ ትምህርቱን አዳምጪ አልኳት።

«እዚህ ቤት ሥራ ይበዛል» አለችኝ። «ደግሞ ቲቸር፣ ከሰማሁ መማር ያምረኛል።»

ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳትም።