አባቴ የተረከልኝ ጴጥሮስ

ልጅ ሳለሁ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ጆሃንስበርግን ቤት ባስቀመጠ ጊዜ፣ ትሮይቪል ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ግድግዳ ላይ ከአሮጌ ካላንደር የተቀደደ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። የአውሮፓ የባሮክ ዘመን ሥዕል መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው፤ ያኔ ለእኔ ጴጥሮስ ብቻ ነበር፣ ጨለማ ግቢ ውስጥ እሳት የሚሞቅ፣ አንዲት ገረድ ጣቷን የቀሰረችበት ሽማግሌ። እሳቱ ግንባሩንና የተዘረጉ መዳፎቹን ያበራል፤ ከትከሻው ወዲያ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው።

ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ አባቴ ካትሌሆንግ ሰፈር ካለችው ሱቁ ሲመለስ ፋኖሱን ከሥዕሉ ሥር ያስቀምጥና የላምባው ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ይተርክልኝ ነበር።

«አባዬ፣ ጌታ ኢየሱስ የታለ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እዚህ ጥቁሩ ውስጥ» አለኝ፣ ወረቀቱን በጣቱ እየነካ። «እኛ አናየውም እንጂ እሱ ጴጥሮስን ያየዋል። አላውቀውም ሲልም ይሰማዋል።»

«ተቆጣው?»

«አልተቆጣውም። ዞር ብሎ አየው።»

ብርዱ ሲገባ አባቴ ማሳል ጀመረ። መተንፈስ ሲያቅተው እናቴ አምቡላንስ ጠራች። ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ደግፈው ሲያወጡት ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ያያል። አብራኝ የምትማረው ኖምሳ ከአጥሩ ማዶ ሆና፣ «ያ አባትሽ ነው?» አለችኝ በዙሉ ቋንቋ። በሽታው የገባበትን ቤት ልጅ ያኔ ማንም አያጫውትም ነበር።

«አይደለም» አልኳት እኔም በዙሉ። «የማናውቀው ተከራይ ነው።»

አባቴ ደንበኞቹን ሲያስተናግድ የሚውለው በዙሉ ነበር። አምቡላንሱ በር ላይ ሲደርስ ቆም አለና ዞሮ አየኝ።

ሆስፒታል ገብቶ መጠየቅ ክልክል ነበር። በማግስቱ ደወለ። እናቴ ጥቂት አነጋግራው ስልኩን ሰጠችኝ፤ ይቅርታ ልለው ስል ቀደመኝ። እሱ በየቃሉ መሃል እየተነፈሰ፣ «ምሳ በላሽ፣ የኔ እናት?» አለኝ።

«በላሁ» አልኩት። አልበላሁም ነበር። ሁለተኛ አልደወለም።

ጥቂት ሰዎች ቀበሩት፤ እኔን አልወሰዱኝም። ከዓመታት በኋላ ያን ቀን ለኖምሳ ያልኩትን ለእናቴ ነገርኳት። የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አኖረች።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ስልኩን ከመስጠቴ በፊት ነግሮኛል። ፈርታ ነው፣ ምንም እንዳትያት ብሎኝ ነበር።»

ይቅር ብሎኝ እንደሄደ አሁን አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ቢቆጣኝ ኖሮ፣ አልቅሼም ቢሆን «አባቴ ነህ» የምልበት አፍታ ባገኘሁ ነበር።