ማስቲሽ የሌለው ጫማ ሰፊ

የልጄን ልጅ ሰው ሁሉ ወስፌ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ወስፌው ከእጁ ስለማይለይ። ሱቁ ከደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እሱ ጫማ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሰም የታሸ ክር ሲጎትት፣ እኔ በሩ አጠገብ ክር አጠነጥናለሁ። ክፍሏ ቆዳ ቆዳ፣ ቀለም ቀለም ትሸታለች። ማስቲሽ ግን አትሸትም። ሌሎች ጫማ ሰፊዎች ለጥፈው ቶሎ ያስረክባሉ፤ እሱ ሶሉን ዙሪያውን በእጁ ይሰፋል። "ነገ ና" ሲባሉ ብዙዎች ያጉረመርማሉ። ያም ሆኖ ይመጣሉ፤ የሱ ስፌት በቀላሉ አይፈታማ።

ለምን እንደሆነ ለጠየቀው አይደብቅም። ልጅ እያለ ማስቲሽ ይስብ ነበር። የሚስብበትን ፕላስቲክ እጅጌው ውስጥ ሸጉጦ ይውላል። እናቱ ለጎረቤት "ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል" ትል ነበር፤ እሱ ግን እዚሁ ማዶ፣ ድልድዩ ሥር ነበር። ታክሞ ወጥቶ ይህን ሙያ ሊማር ሲገባ አሠሪው የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፈተለት። ወስፌ ክዳኑን መልሶ ገጠመና "እኔን በክር አስተምረኝ" አለው። ሰውየው ሲጠይቀው ሁሉንም ነገረው።

ዘንድሮ ዳቦ ቤት የምትሠራ ልጅ ወደደ። ለሷ ገና በትውውቃቸው ሰሞን ነግሯታል። የሚያስፈሩት አባቷ ናቸው፤ ቁጡ የአውቶቡስ ሾፌር። እሳቸው እሺ ካላሉ እንደማታገባው እቅጩን ነገረችው።

አክስቱ መላ አመጣች። "የማስቲሽ ሽታ አይስማማኝም፣ አስም አለብኝ በላቸው። ማን ደረትህን ከፍቶ ያያል?"

"ከዚያስ አክስቴ? ዕድሜ ልኬን ልሳልላቸው?"

"ስትፈልግ ሳል። ብቻ ልጅቷን አግባ።"

እሱ ሳቀ።

አንድ ከሰዓት ሾፌሩ ራሳቸው መጡ። የሱና የልጃቸው ወሬ ደርሷቸው ነው መሰለኝ፣ ፊቱን ደጋግመው ያያሉ። አንዲት ሴትዮ አግዳሚው ላይ ተራ ትጠብቅ ነበር። አፉን የከፈተ ጫማቸውን አውልቀው ሰጡት።

"ማስቲሽ ጣል አድርግበትና ቶሎ ልሂድ።"

"ማስቲሽ የለኝም ጋሼ። እሰፋልዎታለሁ።"

"ማስቲሽ የሌለው ደግሞ ምን ዓይነት ጫማ ሰፊ ነው? ነዳጅ የሌለው አውቶቡስ በለኛ።"

አሁን አስሙን ይጠራል ብዬ ክር ማጠንጠኔን አቆምኩ። እሱ ቀና ብሎ አያቸው።

"ልጅ ሆኜ እስበው ነበር ጋሼ። ሱስ ነበረብኝ። ትቼዋለሁ፤ ግን ከሱ ጋር አንድ ክፍል አልውልም። ልጅዎን የምፈልጋትም እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ አጠገቧ የነበረውን ቦርሳ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ወስፌ አይቷታል። ክሩን በመርፌው አሾልኮ ሥራውን ጀመረ። ሾፌሩ በካልሲ የቀረውን እግራቸውን በሌላው ላይ አነባብረው፣ ዓይናቸውን ከእጁ ሳይነቅሉ ተቀመጡ። እኔ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁ አንድ እግዜር ያውቃል።

ሲጨርስ ጫማውን አጥልቀው ወለሉን ረገጥ ረገጥ አደረጉ።

"ሰው ይህን ያውቃል?"

"የጠየቀኝ ሁሉ ያውቃል።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወንድሜን መጠጥ ነው የገደለብኝ። እኛ ቤት እስከ ዛሬ ጉበቱን ታሞ ነው የሚባለው" አሉ።

ወስፌ መዶሻውን አስቀምጦ አዳመጣቸው። በሩ ድረስ ሄደው ዞሩ።

"እሁድ ቤት ና። ለእናቷም አንተው ትነግራታለህ። እኔ እሷን እፈራለሁ።"

"እመጣለሁ ጋሼ።"

እሳቸው ከወጡ በኋላ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ አግዳሚው ዞረ። የኔ ልጅ ፊቱ ላይ ቂም የሚባል ነገር አልነበረም።

"ተራሽ ደርሷል እህቴ" አላት።

ሴትዮዋ ትንሽ አመነታችና ጫማዋን ሰጠችው።