አሥራ አንድ ፊርማ በረውዳ ላብ ላይ

ወረቀቱን መምህርት ኢቲዳል በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ነው ያመጣችልኝ፤ ወረቀቱ ራሱ የሚሸት ይመስል። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና «ሲት በድሪያ፣ ለዳይሬክተሯ እርስዎ ቢያቀርቡልን ይሻላል ብለን ነው። እኛ ይሉኝታ ያዘን» አለችኝ።

ይሉኝታ ነው እንግዲህ። አሥራ አንድ መምህራን በሰማያዊና በቀይ እስክርቢቶ ፈርመውበታል፤ ይሉኝታ የያዘው ሰው እንዲህ አሳምሮ ይፈርማል? አነበብኩት። «ባልደረባችን ሲት ረውዳ የግል ንጽህናቸውን ባለመጠበቃቸው አብሮ መቀመጥም ሆነ አብሮ መብላት አልተቻለንም። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲዛወሩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ደሜ ፈላ። በግንቦት ወር፣ በሱዳኗ ከሰላ ከተማ፣ መብራት ከጠፋ በሦስተኛው ቀን፣ የማን ብብት ነው ጽጌረዳ የሚሸተው?

መምህርት ሁሉ «ሲት» ተብላ በምትጠራበት በዚህ የሴቶች ትምህርት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ምክትል ዳይሬክተር ከሆንኩ እንኳ ስድስት ዓመቴ ነው። ያረፈደችም፣ ተማሪ የመታችም፣ ፈተና ያሾለከችም ስትከሰስ አይቻለሁ። ሰው በላቡ ሲከሰስ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ውሸት ግን አልናገርም። ረውዳ ትሸት ነበር። ልብሷ ሁልጊዜ ታጥቦ የተተኮሰ ነው፣ ጥፍሯ የተቆረጠ ነው፣ ግን አራት ክፍለ ጊዜ አስተምራ ስትወጣ አጠገቧ መቆም ይከብድ ነበር።

ረውዳ የሒሳብ መምህርት ናት። ከጋሽ ወንዝ ማዶ በእግሯ ትመጣለች፤ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። አባቷ የፍራፍሬ ነጋዴ ነበርና ክፍልፋይን የምታስተምረው በብርቱካን ነው። ሰባ ስምንት ልጃገረድ ፊት ብርቱካኑን ገምሳ፣ ግማሹን መልሳ ገምሳ፣ መልሱን ላገኘችው ልጅ ታጎርሳታለች። ከሷ ክፍል የወጣች ልጅ ክፍልፋይ አትሳሳትም። በሃያ አራት ዓመቷ ዓብዱልባጊ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አገባት፤ በሰባተኛው ወር ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ገባ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እሷ እናቱ ቤት ትኖራለች፤ አማቷ በር ላይ ቁጭ ብላ መውጫ መግቢያዋን ትጠብቃለች።

እኛ ዘንድ ባሏ ሩቅ አገር ያለ ሴት ወይባ አትሞቅም፣ ሰንደል አትታጠንም፣ ሽቶ አትቀባም። ይህን ማንም ጽፎ አልሰጠንም፤ ከእናቶቻችን ጡት ጋር ጠጥተነው ነው። ባል ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው የምትሞቀው የግራር ጢስ ከግቢ ሲወጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እገሌ ሊገባ ነው» ይላል። ባል ሳይኖር ሽቶ ከሸተተች ግን ወሬው ከጢሱ ቀድሞ ሰፈሩን ይዞራል።

ረውዳ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተች። የዛሬ ሦስት ዓመት የእህቷ ሠርግ ነበር። ከሙሽራዋ ጋር ሰንደል ተቀብታ አድራ በማግስቱ ሥራ ገባች። ረፋድ ላይ እንደ ወጋችን ሁላችንም ከኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ትሪውን ከበን ቁርስ ልንበላ ተቀመጥን። ፉሉ በሰሊጥ ዘይት ርሷል፣ ዳቦው ትኩስ ነው፣ ክርን ለክርን ተነካክተናል። የሰንደሉ ሽታ ከፉሉ በላይ ወጣ። አንዷ፣ «ረውዳ፣ ዓብዱልባጊ መጣ እንዴ?» አለች። ትሪው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። ረውዳ የቆረሰችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠችው። ወሬው በዚያው ሳምንት ጋሽን ተሻግሮ አማቷ ጆሮ ገባ፤ ከአማቷ አፍ ደግሞ በስልክ ጅዳ ደረሰ።

ያቺን አንዷን ኢቲዳል ናት ብዬ ነበር የማስታውሳት። እንዲህ ያለ ነገር ከሷ አፍ እንጂ ከማን አፍ ይወጣል? ያን ቀን ሽቶ ሸተተች ብላ ያሳቀች፣ ዛሬ ላብ ሸተተች ብላ ታስፈርማለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ባሏ እዚሁ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ሰንደሏን ታጥና ትመጣለች።

ወረቀቱን ይዤ ቡሰይና ቢሮ ገባሁ። ቡሰይና ዳይሬክተራችን ናት፤ በልጅነት አንድ ዴስክ ላይ ስለተማርን ስንጣላም አንቺ አንቺ ነው የምንባባለው።

«ቡሰይና፣ ይህን ቅደጂው» አልኳት።

አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «አሥራ አንድ ሰው የፈረመበትን? ነገ እኔንም ይከሱኛል።»

«በላብ ነው የከሰሷት።»

«በመሽተቷ ነው እንጂ። አንቺስ አይሸትሽም?»

«ይሸተኛል። እና ሰው በዚህ ከሥራው ይነቀላል? ትምህርት ቢሮ ከደረሰ ገጠር ነው የሚጥሏት። አማቷ ደግሞ ባሏ የሌለ ሴት ብቻዋን ገጠር አትሰድም። ሥራዋ አበቃ ማለት ነው።»

«እና እኔ ምን ላድርግ? ላጥባት?» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ወይ አንቺ ነግረሻት ትስተካከላለች፣ ወይ ወረቀቱ ይሄዳል።»

እያጉረመረምኩ ወጣሁ። አሥራ አንድ ምላስ ተሰብስቦ አንዷ እንኳ «እህቴ፣ እንዲህ ሆነሻል» ማለት አቅቷት፣ ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ። ለሐሜት ሲሆን ጅብ የሚያህሉ፣ ፊት ለፊት ሲሆን አይጥ የሚያህሉ ናቸው።

ረውዳን የካርታ መጋዘኑ ውስጥ ለብቻዋ አገኘኋት። የተጠቀለለ ካርታ ላይ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። በሩን ዘግቼ ፊት ለፊቷ በርጩማ ሳብኩ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለ ሙቀቱ አወራሁ፣ ስለ ውሃው አወራሁ። እስክርቢቶዋን ከደነች።

«ስለ ሽታዬ ነው አይደል፣ ሲት በድሪያ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ትሪውን ሲያርቁት እያየሁ ማን እንዲነግረኝ ነው? ከዒዱ በፊት በግራም በቀኝም አንድ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይተዉልኝ ነበር። አሁን ሁለት ሁለት ሆኗል። የሒሳብ መምህርት አይደለሁ፣ እቆጥራለሁ።»

ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። «ልጄ፣ ብብትሽን የምትቀቢው ነገር እንኳ ብትይዢ ምን አለበት? እሱ እኮ ሽቶ አይደለም» አልኳት።

«ሽታ አለው። የገላ ሳሙናም ሽታ አለው፣ የብብት ዱቄቱም አለው። አማቴ ከመታጠቢያ ስወጣ አንገቴን ታሸተኛለች። በልብስ ሳሙና ነው የምታጠበው፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። ከዚያ በላይ ከላቡ ጋር ምን ላድርግ?»

«አንገትሽን ታሸታለች?» ከበርጩማው ተነሳሁ። «ይህን ሁሉ ያመጣችብሽ ያቺ መርዘኛ ናት። አሁኑኑ ሄጄ ነው የምነግራት። ያኔ አፏን ይዛ ቢሆን ኖሮ፣ 'ዓብዱልባጊ መጣ እንዴ' ብላ ባታስቅብሽ ኖሮ...»

«ማን ናት?»

«ኢቲዳል ናታ።»

ረውዳ ደብተሩን ዘጋችው። ሳትቆጣ፣ ለተሳሳተች ተማሪ እንደምትናገረው ቀስ ብላ፣ «ሲት በድሪያ፣ ኢቲዳል ያን ጊዜ ገና እኛ ትምህርት ቤት አልተዛወረችም። እርስዎ ነዎት ያሉት» አለችኝ።

ልክዳት አፌን ከፈትኩ። ያኔ ግን ፉሉም፣ ትሪውም፣ በእጄ የያዝኩት ሽንኩርትም ትዝ አለኝ። የሳቀውን ሁሉ እያየሁ ራሴም ጮክ ብዬ እንደሳቅኩ ትዝ አለኝ። ክፋት አስቤ አልነበረም። ቀልድ ነበር፤ ረፋድ ላይ በባዶ ሆድ የሚወረወር ቀልድ። እሷ ሦስት ዓመት በልብስ ሳሙና ስትታጠብበት፣ እኔ ማን እንዳለው እንኳ ረስቼ ሌላ ሰው አሸክሜዋለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ትልቅ ሰው ነዎት። ለቀልድ ነው ያሉት።»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ «ማን አናደደሽ?» ቢለኝ «በድሪያ» አልኩት፤ እንደሚያሾፍ ሰው ቆጥሮኝ ምሳውን ቀጠለ።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ሆነ። ረውዳ ክፍል ገብታ ታስተምር ስለነበር አልተገኘችም። ቡሰይና ወረቀቱን ይዛ «እንግዲህ» ስትል ተቀበልኳትና ከአሥራ አንዱ ፊርማ በታች መስመር አሰመርኩ። ከመስመሩ ሥር በትልልቁ ጽፌ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦

«ሲት ረውዳ ሽቶ ተቀብታ ብትመጣ ለማን ነው ብለን አንጠይቅም፤ በሰፈርም አናወራም።»

«የዛሬ ሦስት ዓመት 'ዓብዱልባጊ መጣ እንዴ' ብዬ ያሳቅኋችሁ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «የዚያን ዕለት የሳቃችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሽቶ ስትቀባ በወሬ ገደልናት፣ ስትተው በወረቀት ልንገድላት ነው። እና ምን ሸትታ ትምጣልን? ላይኛውን የፈረመ ታችኛውንም ይፈርም። ታችኛውን የማይፈርም ደግሞ ፊርማውን ከላይ ይሰርዝ።»

መጀመሪያ እኔ ፈረምኩ። እስክርቢቶው ዞረ። ሰባቱ ፈረሙ፤ ሦስቱ ከላይ የነበረውን ስማቸውን ሰረዙ። መጨረሻ ላይ እስክርቢቶው ኢቲዳል ዘንድ ደረሰ።

«እኔ እኮ ያኔ አልነበርኩም፣ ሲት በድሪያ» አለች።

«አውቃለሁ፤ አንቺን በራሴ ጥፋት ሳማሽ ነው የከረምኩት። ይቅር በይኝና ፈርሚ» አልኳት። ግራ ተጋብታ ፈረመች። ቡሰይና ወረቀቱን አገላብጣ አይታ «ይህን እንዴት አድርጌ ነው ለቢሮ የምልከው?» አለች፤ አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ረውዳ ከሥራዋ አልተነቀለችም።

አርብና ቅዳሜን አርፈን እሑድ ሥራ ስንገባ ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። ሽቶም ይዤላት መጥቼ ነበር፤ ትንሽ ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ። እጄን ይዛ ጠርሙሱን መለሰችልኝ።

«የእናንተ ፊርማ እኮ ጋሽን አይሻገርም» አለች።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ዘጠኝ ሴት ብንፈርምም ያችን አንድ ጥያቄ ከአማቷ ጆሮ ውስጥ ማውጣት አልቻልንም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ረፋድ ላይ ትሪው ወጣ። ረውዳ እንደ ለመደችው ምንጣፉ ዳር ተቀመጠች። ከቦታዬ ተነስቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷ ለእኔ አስባ ፈቀቅ አለች። ተጠጋሁ። አሁንም ፈቀቅ አለች። እንዲህ እንዲህ ስንል ምንጣፉ አለቀና ግማሽ አካሏ መሬት ላይ ሆነ።

እጇን ያዝኩት። «በቃሽ፣ ረውዳ» አልኳት። ትሪውን ወደ እኛ ጎተትኩት፤ ሌሎቹም ተከትለውት መጡ። ዳቦ ቆርሼ በፉል አጥቅሼ ሰጠኋት፤ ተቀብላኝ በላች።