ሎሚ ያላልኩበት ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ትንንሹን ኃጢአት እየነገርኩ ይህኛውን ስውጠው ነው የኖርኩት። ለእናንተ ልትፋው።

ከናዝሬት ወጣ ብሎ፣ ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ ወደ ሽንኩርት እርሻው በሚገባው መስመር ላይ አንዲት የባቡር ጣቢያ ነበረች። ዛሬ ጣሪያዋ ተገፎ ፍየል ያድርባታል። በደርግ ጊዜ ግን ጎረምሶቹ ሽንኩርት ፉርጎ ላይ ይጭናሉ፣ እኛ ሴቶች ለተሳፋሪው ፓፓያና ሸንኮራ እንሸጣለን። ለጦርነት ወጣት የሚያፍሱት ወታደሮችም የሚመጡት በዚያው ባቡር ነው። ስለዚህ ተማክረናል፤ ወታደር ያየች ሴት «ሎሚ፣ ሎሚ» ብላ ትጣራለች። ሎሚ የሚሸጥ እኛ ዘንድ የለም፤ ጎረምሶቹ ይህን ሲሰሙ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። ቦታዬ ጫፍ ላይ ስለሆነ ባቡሩን ቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አየሁ። የመጨረሻው ፉርጎ በር ላይ ጠመንጃ የያዙ ተቀምጠዋል። አየሁ እላችኋለሁ። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ለምን? ፓፓያዬ ከመጠን በላይ በስሎ ሊበላሽብኝ ነበር። ሎሚ ከተባለ ግርግር ይሆናል፣ የሚገዛ አይኖርም። ለፓፓያ ብዬ። ይህን ስጽፍ ምራቄ ራሱ ይቀፈኛል።

የጎረቤቴን የእትዬ ጫልቱን አንድያ ልጅ ጆንያ እንደተሸከመ ያዙት። እናቱ «ቶላ ኮ፣ የኔ ቶላ» እያለች ሐዲድ ለሐዲድ ሮጠች። ከወታደሮቹ አንዱ ደግሞ እኔን «እህቴ፣ የበሰለውን ምረጪልኝ» አለኝ። መረጥኩለት። ፈገግም ብያለሁ።

ሴቶቹ «አንቺ፣ እንዴት አላየሽም?» ብለው ያዙኝ። ፀሐይ ዓይኔን ወግቶኝ ነው አልኩ። የተከራከረችልኝ ማን መሰለቻችሁ? ራሷ ጫልቱ። «ተዉአት በቃ፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ እያየች ዝም ትላለች?» አለችና አቀፈችኝ። እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ በዚያ እቅፍ ውስጥ ዝም ያልኩ?

ከዚያ ወዲያ ጎረምሳ ወደ ጣቢያው ዝር አላለም። ጫኚ ሲጠፋ ሽንኩርቱ በመኪና ሄደ፣ ባቡሩም ቀረ። መለዋወጫ አጥቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ።

ቶላ አልተመለሰም። ጫልቱ ስታጣጥር ራስጌዋ ነበርኩ። «ከመጣ፣ እናትህ እስከመጨረሻው ጠብቃህ ነበር በይልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያኔም ዋጥኩት።

ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው፣ ከመቂ ዝዋይ መዞሬን ሰዎች የእግር አመል ይሉታል። የትም ብሄድ ይህ አፍ አብሮኝ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው ጫልቱ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ይህን ሳትሰማ ቀበርኳት።