ሁለቱ «እኛ»

የኮሞሮስን የአየር ጠባይ ያጠናሁት ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ የሰው ሸሚዝ እየተኮስኩ ነው። ተቀጥሬ የምኖርበት ቤት አባወራ እዚያ ደሴት ላይ ሥራ አግኝቶ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ትምህርት ቤት ስለ አንድ አገር አጥንተሽ አቅርቢ ስትባል የአባቷን አዲስ አገር መረጠች። ወረቀቷን በአራት ከፍላዋለች፦ አየር፣ ቋንቋ፣ ባህል፣ ገንዘብ። በፈረንሳይኛ ታነብና ከእኔ በለመደችው አማርኛ ትተረጉምልኛለች። ሳምንት ሳይሞላ እኔ ከእሷ በለጥኩ፤ ስትሳሳት የማርማት እኔ ሆንኩ።

ዝናቡ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። አንዳንዴ ቤት የሚነቅል ነፋስ ይመጣል። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ዐረብኛና ፈረንሳይኛም ይናገራሉ። ሴቶቹ ጥሩ ሽታ ያለው እንጨት ፈጭተው ፊታቸውን ይቀባሉ። ለሠርግ ያላቸውን ሁሉ ያወጣሉ። ገንዘባቸው እንደ ጅቡቲው ፍራንክ ይባላል፤ የጅቡቲው ግን ይበልጠዋል። ይህን ስሰማ የራሴ ገንዘብ ይመስል ኮራሁ።

«ቤተ ክርስቲያንስ አለ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ወረቀቱን ገልብጣ አየች። «እዚህ አልተጻፈም» አለችኝ።

ባይኖርም እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። ልጅቷን ከአርባ ቀኗ ጀምሮ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ጸጉሯን ከእኔ በቀር ማንንም አታስነካም። የሷ እናት፣ ማዳም፣ ድንች ስልጥ ማጀት ገብታ፣ «አነጋ ነሐሴ ላይ እንሄዳለን» ብላኛለች። አነጋ በሶማልኛ «እኛ» ነው። የእኔ ሶማልኛ ሽንኩርት፣ ውሃ፣ ቶሎ በይ ከሚሉት ብዙም አያልፍም፤ ይህቺን ቃል ግን አውቃታለሁ። «እኛ» ካለች እኔም አለሁበት።

በዚያው ሰሞን አንዲት ያገሬ ልጅ ጋቦዴ ሰፈር ሥራ አገኘችልኝ። ሁለት አዛውንቶች ብቻ ያሉበት ቤት ነው፤ ሠራተኛዋ የብቻዋ ክፍል አላት። እምቢ ስላት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትባዪ» አለችኝ። ሳቅኩባት። ብርድ ልብሴን ሳይቀር ባልባላ ሰፈር ለምትኖር ጓደኛዬ ሰጠሁ።

የጎረቤት ዘበኛ ድሬዳዋ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ጠዋት ጠዋት ጫት እስኪደርስ ድረስ ካርቶን አንጥፈው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ መንገድ ልሄድ ነውና ይመርቁኝ አልኳቸው።

«ማዳምሽ ምን ብላ ነው የነገረችሽ? በራሷ ቃል ንገሪኝ» አሉ።

«አነጋ ብላ ነዋ። እኛ ማለት አይደል?»

«ልጄ፣ ሶማልኛ ሁለት እኛ አለው። የምታናግሪውን ሰው ከጨመርሽ ኢነጋ ነው። አነጋ ካልሽ እኛ ብቻ፣ አንቺ የለሽበትም ማለት ነው።»

«ተሳስታ ይሆናላ።»

«በዚህስ ሕፃንም አይሳሳትም» አሉኝ።

ባዶውን ባልዲ ይዤ ገባሁ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ምሳ አቀረብኩ፣ ሳህን አጠብኩ። የሰውነቴ ግማሽ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝም ሆኜ ወረቀቱንም በቃሌ ይዣለሁ። ማዳምን አልጠየቅኳትም። ዋሽታኝ ቢሆን እጣላት ነበር። እሷ ግን በገዛ ቋንቋዋ ልክ ነግራኛለች፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። የጋቦዴው ቤት ደግሞ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

ሻንጣቸውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቀጫጭን ልብስ ለይቼ አስቀመጥኩ፤ ማዳምን በእጄ እያሳየሁ ጃንጥላም ግዙ አልኳት። ጅቡቲ ዝናብ እምብዛም ስለሌለ ቤቱ ውስጥ አንድም ጃንጥላ አልነበረም። «እንዴት አወቅሽ?» ብላ ሳቀች። ከልጅሽ ሰምቼ አልኳት።

የሚሄዱ ዕለት ወደ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳቸው መኪና በር ላይ ቆሟል። ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም ነበር። ጫማዋን ላስር ፊት ለፊቷ ስንበረከክ በአማርኛ፣ «እናቴ አብረሽን ነይ ብላሽ እምቢ አልሽ አለችኝ። ባሕር እፈራለሁ አልሽ አለችኝ። እውነት ነው?» አለችኝ።

እናቷ አጠገባችን ቆማ ቦርሳዋ ውስጥ ፓስፖርት ትቆጥራለች። አማርኛ አንድ ቃል አትሰማም። እውነቱን ብናገር የሚያውቅብኝ አልነበረም። ልጅቷ ግን ከአሁን በኋላ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው።

«እውነት ነው» አልኳት፤ የሁለተኛውንም ጫማ ክር አሰርኩላት።